አትንኩት የተባለው ግድግዳ

ዊኒፍሬድ ቶላንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከነሱ ደጃፍ ማዶ የነበረ ባለ አራት ፎቅ ቤት በጠራራ ፀሐይ ተደረመሰ። የሰፈሩ ሰው ሲያወራ የኖረው ስለ ጩኸቱና ስለ አቧራው ነው። የሷ ጆሮ የያዘው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የመጣውን ነው፤ አንድ ሰው ወፍራም አቡጀዲ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ የሚቀድ የሚመስል ድምፅ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አለፈ። አግብታም፣ ጠጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበትም፣ ደረጃ ሲጥ ባለ ቁጥር ክው ትላለች።

ባሏ ሮስኮ ይህን ያውቃል፤ አውቆም ይስቃል። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "የኔ ሚስት ቁም ሳጥን ቢያዛጋ ኑዛዜ ትጽፋለች" ይላል። እንግዳው ይስቃል፤ ዊኒፍሬድም አብራ ትስቃለች። ምን ታድርግ?

ሮስኮ በአንድ ትልቅ የልብስ መደብር ውስጥ የመስኮት አስጊያጭ ነው። መንገደኛው ቆሞ የሚያፈጥበትን ትርኢት የሚሠራው እሱ ነው። ከካርቶንና ከሙጫ ቤተ መንግሥት ያቆማል፤ በሳምንቱ በእርግጫ አፍርሶ በቦታው የባሕር ዳርቻ ይተክላል። ሃያ ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ግድግዳ ማለት ምን እንደሆነ ቢረሳ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ወታደሩ ሁሉ ተመልሶ ጎጆ ሲወጣ፣ የሚከራይ ክፍል በከተማው በመብራት ተፈልጎ የማይገኝ ሆነ። ቶላንዶች ብሩክሊን ውስጥ በሁለት ክፍል ይኖሩ ነበር፤ ሮስኮ፣ ዊኒፍሬድና የሮስኮ እናት። አሮጊቷ አደሌድ ቶላንድ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጆሯቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ደክሞ አያውቅም። እናም ሮስኮ በኮነቲከት ኮረብታዎች ላይ የሚሸጥ ጥንታዊ የገበሬ ቤት እንዳለ ጋዜጣ ላይ ባነበበ ጊዜ፣ ቤቱን ሳያየው ነው የወደደው።

መጀመሪያ ቀን ሊያዩት ሲሄዱ ከዊኒፍሬድ ካፖርት ላይ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ወደቀ። ቁልፉ ሳሎኑን አቋርጦ፣ የወጥ ቤቱን ደፍ ተሻግሮ፣ ግድግዳ እስኪያቆመው ድረስ እየተንከባለለ ሄደ።

"ሮስኮ፣ ይሄ ቤት ዘሟል" አለች።

"ዘመም ማለቱ እኮ ነው ውበቱ፣ የኔ ቆንጆ!"

ገዙት።

የአገሩ አናጢ ኢላይሁ ስትራውድ የሚባል፣ ቃል ከአፉ በወረፋ የሚወጣ ሽማግሌ ነው። መጥቶ ግማሽ ቀን ሙሉ ቤቱን በእጁ አንጓ እያንኳኳ ዞረ። በመጨረሻ በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ካለው ግድግዳ ፊት ቆመ።

"ይሄን አትንኩት" አለ።

"እንዴ፣ ክፍሉን የሚያጨልመው እኮ እሱ ነው!" አለ ሮስኮ። "እሱ ሲነሳ ሰፊ አዳራሽ ይሆናል።"

"ምሰሶና ማንሻ ክሪክ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አትንኩት።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"ስመጣ" ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በረዶ ሳይወርድ ጣሪያውን ሊያስጠግን የሚፈልግ ገበሬ ሁሉ ስትራውድን ይዞታልና አልመጣም። ሮስኮ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባልደረባው ዘንድ እያደረ ከተማ ይሠራል፤ ዓርብ በባቡር ይመጣል። ዊኒፍሬድ ከአማቷ ጋር ቤቱ ውስጥ ቀረች። የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንዳለፈችው እሷና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ከዚያ ግን ሌላ መላ ስታጣ ቤቱን እንደ ሐኪም ታዳምጠው ጀመር። ጣሪያው ሥር የሚሯሯጡት ሽኮኮዎች መሆናቸውን ለየች። ጠዋት ፀሐይ የምሥራቁን ግድግዳ ስታገኘው ሦስት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እንደሚል፣ የውኃ መሳቢያው ሲነሳ እንደሚያቃስት ለመደች። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያውም ወንበር ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ስትነቃ በራሷ ተገረመች።

ጉዱ የመጣው በጥቅምት ወር በአንዱ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሮስኮ አዲስ የሥራ ቱታውን ለብሶ፣ መጋዝና መዶሻ ይዞ ግድግዳው ፊት ቆሟል።

"ስትራውድን ስንጠብቅ ልናረጅ ነው" አለ።

"ሮስኮ፣ ሰውዬው አትንኩት ብሏል።"

"አልነካውም። ልስኑን ትንሽ ፈልፍዬ ውስጡን ብቻ አያለሁ።"

"ማየትና መንካት ላንተ መቼ ይለያያል?"

"ዊኒ፣ ሂጂ ልብስሽን አስጪ። እዚህ ቆመሽ ስታቃስቺ እጄን ታስቺኛለሽ።"

ወጣች። አንሶላ እያሰጣች የመዶሻውን ድምፅ ትሰማለች፤ ከዚያ መጋዝ። መጋዝ? ለማየት መጋዝ ምን ያደርጋል? መጋዙ ቆመ። እንደገና ጀመረ። ደግሞ ቆመ። ለሦስተኛ ጊዜ ጀምሮ በመሃል ድንገት ጸጥ አለ። ከዚያ ከቤቱ ሆድ ውስጥ አቡጀዲው ሲቀደድ ሰማችው።

ጉልበቷ ወደ መንገዱ ሩጪ ይላታል። እሷ ግን እርጥቡን አንሶላ በእጇ እንደያዘች ወደ ጓሮ በሩ ሮጠች። ገና ከመግባቷ ጣሪያው ጓ! አለና በሩ ከኋላዋ ተደርግሞ ተዘጋ። እጀታውን ብትስበው ወይ ፍንክች። ቤቱ ሲሰምጥ በሩን ነክሶ ይዞታል።

አቧራው ሲገልጥላት ያየችው እንዲህ ነው። ግድግዳው የለም። በልስኑ ውስጥ ተደብቀው የኖሩ ሦስት ምሰሶዎች ተጋድመዋል። ሮስኮ አንዱን ቆረጠ፤ ምንም አልሆነም። ሁለተኛውን ቆረጠ፤ ምንም አልሆነም። ሦስተኛውን ሳይጨርሰው እንጨቱ ራሱ ተሰበረ፤ ላይኛውን ቤት የተሸከመው ትልቁ አግዳሚ እንጨት አራት ጣት ያህል ቁልቁል መጣ። ሮስኮ የነፍስ ነገር ሆኖበት ከተጋደሙት አንዱን አንስቶ ከአግዳሚው ሥር ሸጎጠው። ግን አግዳሚው ስለወረደ እንጨቱ ረዝሞበት አዘንብሎ ነው የቆመው፤ ግርጌውም ወለሉ ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ባሏ መሬት ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለብረት ምድጃው ሰጥቶ፣ በሁለት እግሩ የእንጨቱን ግርጌ ገፍቶ ይዟል።

"ዊኒ" አለ፣ ሰምታው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ። "እግሬን ካነሳሁ ይሄዳል።"

"ምኑ?"

"ሁሉም።"

ያን ጊዜ ከራሳቸው በላይ ክርርች… ክርርች የሚል ነገር ሰሙ። አሮጊቷ ልክ ከአግዳሚው በላይ ባለው ክፍል ተወዛዋዥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይወዛወዛሉ። ወንበሩ ወደ ፊት ባለ ቁጥር የሮስኮ ራስ ላይ አቧራ ይዘንባል፤ አዘንብሎ የቆመው እንጨትም ስንጥቅ ስንጥቅ ይላል።

"እማዬ!" ብሎ ጮኸ ሮስኮ። "እማዬ፣ አትወዛወዢ!"

ክርርች።

"እማማ ቶላንድ!" ብላ ዊኒፍሬድም ጮኸች።

ወንበሩ ቆመ። እፎይ ሊሉ ሲሉ አሮጊቷ ከላይ በከዘራቸው ወለሉን ድም! ድም! ድም! አደረጉት። "ምንድነው ይሄ ሁሉ ጫጫታ?" አሉ። "ሰው አያርፍም?" አግዳሚው አንድ ጣት ወረደ።

"አንቺ ሂጂና አውርጃት" አለ ሮስኮ። ላቡ በአቧራው ላይ መንገድ እያወጣ ይወርዳል። "አንቺ ቀላል ነሽ። ዊኒ፣ በናትሽ!"

ዊኒፍሬድ ጫማዋን አወለቀች። ደረጃው የሚወጣው በድንጋዩ የጭስ ማውጫ ጥግ ነው፤ ያ እንኳ የጸና ነው። ቢሆንም በእጇ እየተሳበች ነው የወጣችው። ከላይ ስትደርስ የክፍሉ ወለል እንደ ላላ አልጋ መሃሉ ሰርጉዷል። አሮጊቷ ከስርጉዱ መሃል ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ ባለው ጣውላ ላይ ካርታ ለብቻቸው ይጫወታሉ። ዊኒፍሬድ ደፉ ላይ በሆዷ ተኛች።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። "ምን ሆነሽ ነው መሬት የተኛሽው?"

"እማማ፣ አይነቃነቁ!"

"ምን?"

"ቤቱ ሊወድቅ ነው!"

"ላንቺማ በየቀኑ ነው የሚወድቀው" ብለው ካርታ ገለጡ።

ምን ብላ ታስረዳቸው? እጇን ትዘረጋለች፣ አይደርስም። ትጮሃለች፣ በጩኸቷ ራሱ ወለሉ የሚከፈት ይመስላታል። ያኔ የልብስ መሳቢያው ላይ የነበረው የፊት መታጠቢያ ማሰሮ፣ ማንም ሳይነካው፣ እንደ ሰው ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። እስከ ጠርዙ ሄደ። ወደቀና ውኃው ወደ አሮጊቷ እግር ጎረፈ። አሮጊቷ ውኃውን አዩት። ከዚያ ዊኒፍሬድን አዩ፤ ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል።

"ሮስኮ ነው?" አሉ።

ዊኒፍሬድ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"አባቱም እንዲሁ ነበር።" ካርታውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። "ምን ላድርግ?"

ዊኒፍሬድ በእጇ ዳዴ መሆኑን አሳየቻቸው።

"እኔ? ዳዴ ካልኩ ሰባ ሦስት ዓመቴ!"

"ዛሬ ይበሉ!"

አሉ። ቀሚሳቸውንና ከዘራቸውን ሰብስበው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ የወለሉ እንጨት ከሥራቸው እያቃሰተ መጡ። መንገዱ አራት ክንድ አይሞላም፤ ዊኒፍሬድ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያን ያህል የረዘመ መንገድ አላየችም። አሮጊቷ እጇን ሲያገኙት ጨምድደው ያዙት። አማቷ ሲፈሩ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያ ደግሞ የባሰ አስፈራት። በቂጣቸው ደረጃውን ወረዱ። የፊት በሩም እምቢ ስላለ በሳሎኑ መስኮት፣ በወንበር አሻግራ፣ ግቢው ውስጥ አኖረቻቸው።

"አንቺስ?" አሉ አሮጊቷ ከውጭ።

"ስልክ ልደውል።"

"ሞኝ አትሁኚ! ነይ ውጪ!"

ስልኩ ያለው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ነው። አሥራ አንድ ቤት በአንድ መስመር የሚጠቀምበት የገጠር ስልክ ነውና፣ ማዳመጫውን ስታነሳ ሁለት ሴቶች ጨዋታ ይዘዋል።

"…ስኳሩን እኮ መጨረሻ ላይ ነው የምትጨምሪው፣ አለዚያ ፖሙ ከሥሩ ይይዝብሻል—"

"መስመሩን ልቀቁልኝ! እባካችሁ!"

"ማን ናት?"

"የከተማዎቹ ናት መሰለኝ። ሰላም አይባልም እንዴ፣ እመቤት?"

"ቤታችን ሊወድቅ ነው! ባሌ ከሥሩ ነው! ሚስተር ስትራውድን ፈልጉልኝ!"

ከዚያ የጎረቤቷ የሚስስ ጌጅ ድምፅ በቀስታ መጣ፤ "ግድግዳውን ነካው?"

አገሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል። "ነካው" አለች ዊኒፍሬድ፤ እንባዋም መጣ።

"ሄስተር፣ ኢላይሁ ያንቺ ጎተራ ጣሪያ ላይ አይደል?"

"እዚሁ ነው! ቆይ—" ሄስተር የተባለችው ሴት ስልኩን ጥላ ስትሮጥ፣ መስኮት ሲከፈት፣ "ኢላይሁ! ውረድ! የቶላንዶች ቤት!" ስትል ሁሉ በመስመሩ ይሰማል።

"ልጄ" አለች ሚስስ ጌጅ። "ሃያ ደቂቃ ነው። አንቺ አሁን ውጪ።"

"ባሌስ?"

"እሱ የጀመረውን ይያዝ። አንቺ ውጪ።"

ዊኒፍሬድ ስልኩን ሰቀለች። መስኮቱን አየችው፤ ሦስት እርምጃ ነው። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እሷ ደግሞ ፈሪነቷን ማንም ያውቀዋል፣ ብትወጣ የሚገረም አልነበረም። ግን ሮስኮ የተደገፈው ምድጃ ከቁርስ የተረፈ ፍም ስላለበት ከንፈሩን ነክሶ ያቃስታል። ስትገባ የጣለችውን እርጥብ አንሶላ አጥፋ ከጀርባው ሸጎጠችለት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ባዶ እግሯን ከእግሩ ጎን አድርጋ እንጨቱን ገፋች።

"ውጪ፣ ዊኒ።"

"እግርህ እየተንቀጠቀጠ ነው።"

"ይንቀጥቀጥ። አንቺ ውጪ።"

"ዝም ብለህ ግፋ።"

ገፉ። ከላይ ልስን ቁርጥራጭ ይወድቃል። አንድ ጊዜ አግዳሚው ረጅም ትንፋሽ የሚመስል ነገር አሰማና ዊኒፍሬድ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ቤቱ አሁንም አለ። ሰዓቱ ግድግዳ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አራት ደቂቃ ብቻ ነው ያለፈው።

"ዊኒ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አለ ሮስኮ። "ሁለተኛውን ስቆርጥ ሰምቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ያን ሁልጊዜ የምትይውን። አቡጀዲውን።"

ዞራ አየችው። "ሰምተህ ሦስተኛውን ቀጠልክ?"

"ቀጠልኩ።"

"ለምን?"

"ካቆምኩ አንቺ ልክ ልትሆኚ ነዋ" አለ።

ልትመታው ፈለገች። እውነቷን ነው፤ በተቀመጠችበት ፊቱን በጥፊ ልታጮለው እጇ ተነስቶ ነበር። ግን ብትነቃነቅ እግሯ ይለቃልና መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። "እናትህ እላይ ነበሩ" አለች በመጨረሻ። ሮስኮ አለቀሰ። እሷ አላባበለችውም።

ስትራውድ ከሦስት ሰዎች ጋር በመስኮቱ ገባ። አየ። ክሪኮቹን በአግዳሚው ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፎ አቆማቸውና አንዱን በሩብ ዙር፣ ሌላውን በሩብ ዙር ማጥበቅ ጀመረ። እያጠበቀ ያዳምጣል። ያዳምጥና ደግሞ ያጠብቃል።

"እግሬን ላንሳ?" አለ ሮስኮ።

"አይ።"

ብዙ ቆይቶ፣ "አሁንስ?"

"አይ።"

አግዳሚው በጣት በጣት ወደ ላይ ሲመለስ በመጀመሪያ የጓሮ በሩ ቀጭ ብሎ በራሱ ተከፈተ። ከዚያ የፊት በሩ። ነፋስ ገባ። ስትራውድ ዊኒፍሬድን "ተነሱ እመቤቴ" አላት፤ ወደ ሮስኮ ዞሮ ግን እርስዎ ማለቱን ተወ። "ተነስ።"

ሮስኮ ሊነሳ አልቻለም። እግሩ ተቆላልፎ እንደ ወንበር እንደታጠፈ ሁለት ሰው ተሸክሞ አወጣው። አሮጊቷ ግቢው ውስጥ ተቀብለው በከዘራቸው ትከሻውን አንዴ ደሰቁት፤ ከዚያ አቅፈውት ቆሙ።

ስትራውድ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ። "ስንት ቃል ነበር የነገርኩህ?"

"አንድ" አለ ሮስኮ።

"አንድ። ረጅም አልነበረም።"

ሚስስ ጌጅ ለአንድ ወር አስጠጋቻቸው። ለነሱ ባቄላ በአሳማ ሥጋ እየቀቀለች፣ ታሪኩን ደግሞ በስልክ እየደጋገመች ለአገሩ አበላች። ሮስኮ ቤቱን ሸጠን ወደ ከተማ እንመለስ አለ፤ የብሩክሊኑን ሁለት ክፍል ግን ገና ሲለቁት ሌሎች አምስት ሰዎች ገብተውበታል። ዊኒፍሬድ ወደ ቤቱ የምትመለሰው በሦስት ነገር እንደሆነ ተናገረች። አልጋዋ ምድር ቤቱ ላይ፣ ከጭስ ማውጫው ድንጋይ ጋር ተጠግቶ ይሆናል። በሮስኮ እጅ መጋዝ አይገባም። የኑዛዜው ቀልድም ዳግመኛ አይነገርም። ሮስኮ ሦስቱንም እሺ አለ፤ የመጨረሻውን ግን ሳትጠይቀውም ትቶት ነበር። ስትራውድ ዋርካ የሚያህል ከባድ ምሰሶ መሃል ክፍሉ ላይ ተክሎ፣ አዳራሹ አዳራሽ ሳይሆን ቀረ። ወዲህና ወዲያ ሲሉ ሁሉም ይጋጩበታል።

ፍርሃቱ አብሯት ገባ። ልዩነቱ አሁን ብቻዋን አልነበረችም። በታኅሣሥ አጋማሽ ከባድ በረዶ ሁለት ቀን ሙሉ ወረደ፤ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ በቀትር ፀሐይ ስትወጣ ጣሪያው ላይ የተቆለለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ጉምምም! ብሎ ግቢው ውስጥ ተዘረገፈ። ዊኒፍሬድ ወደ ደጅ ስትፈተለክ ሮስኮ ቀድሟት ወጥቷል፤ በካልሲ ብቻ፣ ማንኪያ በእጁ፣ ጉልበቱ ድረስ በረዶ ውስጥ ቆሞ። እጇን ያዛት። ሁለቱም ትንፋሻቸው እየጨሰ ጣሪያውን አዩት። ምንም የተሰበረ ነገር የለም።

"በረዶ ነው" አለ።

"በረዶ ነው" አለች።

ሁለቱም አልተነቃነቁም። አሮጊቷ ቶላንድ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍተው አንገታቸውን አወጡ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ። "ሾርባው ቀዘቀዘ!"